የማሪምባ ዳር ሳቅ

ሎቬነስ የሟቹን ልብስ ለብሳ ገባች።

ሰማያዊው የሥራ ቱታ ሰፍቷት ወገቧ ላይ በሲባጎ ታስሯል። የጎማ ቦቲው በተራመደች ቁጥር ቧ፣ ቧ ይላል። ጠርዙ የተበላው ባርኔጣ ቅንድቧ ድረስ ወርዷል። ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ገና ከበሩ ስታልፍ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። እሷ ግን ፊቷን አልፈታችም። ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ጭና፣ ጉሮሮዋን ጠረገችና በጎርናና ድምፅ ጀመረች።

«ማነሽ አንቺ? አዎ፣ አንቺ ባለቀይ ሻርፕ። ጎመን ከታች ነው የሚቀነጠሰው። ከላይ ቀነጠስሻት ማለት አንገቷን ቀላሻት ማለት ነው። ይኼ ነፍስ ማጥፋት ነው፤ ለፖሊስ ነው የምናገርብሽ።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ይቺን ደግሞ እዩዋት።» ሎቬነስ ጎንበስ ብላ የማይታይ ቅጠል በጣቷ ገለጥ አደረገች። «እንደ አማት አኩርፋ ፊቷን አዙራለች። ምን ብለሻት ነው? በይ ውሃ አምጪና ታረቂያት፤ ሽማግሌ መላክ የለብኝም መሰለኝ።»

አንዷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ ያው እንባ ሳቁን ትቶ ወደ ለቅሶ ሄደ። ነገሩ የታሰበውም ለዚህ ነው። ሟችን አስመስሎ ለቀስተኛን ማሳቅ የቤቱ ምራቶች ድርሻ ነው፤ ሎቬነስ ደግሞ የሟቹ የጆሳያ የአጎት ልጅ ሚስት ናት። ከዚያም በላይ ማሪምባ ወንዝ ዳር የጎመን መደቧ ከመደቡ ጋር የተጎራበተ፣ ከጎኑ ስትቆፍርና ስታጠጣ የኖረች ሴት ናት። በመላው የሙፋኮሴ ሰፈር ጆሳያን ከእሷ አብልጦ የሚመስል አይገኝም።

ባለቤቱ ሬቫይ ጥጉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ ሆና ታያለች። ሶፋውና ጠረጴዛው ለእንግዳው ሲባል ወደ ጓሮ ስለወጡ ክፍሉ የሌላ ሰው ቤት መስሏታል። ትከሻውን አወቀችው፤ ውሃ ማጠጫ ሲሸከም የኖረ ትከሻ ነው። አረማመዱንም አወቀችው። ሰውየውን ግን አላወቀችውም።

እሷ የምታውቀው ጆሳያ ሲመሽ ይገባል፤ እግሩን ይታጠባል፤ የጎመኑን እስር ምድጃው አጠገብ ያስቀምጣል። «እንዴት ዋልሽ» ይላል። አንዳንዴ «ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» ይጨምራል። ከዚያ በልቶ ይተኛል። ጎመን እንደ አማት ታኮርፋለች የሚል ሰው እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።

«ቁርጥ እሱን» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤት፣ ዓይኗን እየጠረገች። «አይደለም እንዴ፣ ማይ ቼናይ?»

ማይ ቼናይ፤ የቼናይ እናት። ቼናይ ከሞተች ስንት ክረምት አልፏል፣ ስሙ ግን እላይዋ ላይ ቀርቷል።

«ቁርጥ እሱን» አለች ሬቫይ።

ሌላ ምን ትበል? ክፍሉን የሞላው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ወዳጁን ያለቅሳል። ጆሳያን የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

*

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በዚህ ቤት ወሬ የማይነጥፍበት ዘመን ነበር። ወሬኛዋ ቼናይ ናት። ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ ትጀምራለች፤ አባቷ ካቆመችበት ይቀበላታል። ሁለቱ ተጋግዘው የመንገዱን ሰው ሲያሙ ሬቫይ ከማድቤት ሆና «አፋችሁ አይደክምም?» ትላቸዋለች፤ ግን ወሬው እንዳያመልጣት ምድጃውን ትታ በሩ ላይ ትቆማለች። ጆሳያ የሚሠራበት የጫማ ፋብሪካ የተዘጋ ጊዜ፣ ሰው ቆሻሻ የሚደፋበትን የወንዙን ዳር የመነጠሩት አባትና ልጅ ናቸው። ቼናይ ሸምበቆውን እየጎተተች፣ አባቷ የጠርሙስ ስባሪውን እየለቀመ፣ ሳቃቸው ድልድዩ ላይ ላለፈ ሰው ይሰማ ነበር ይባላል። ሬቫይ ያኔ በሰው ቤት ልብስ ታጥብ ስለነበር አልሄደችም። በኋላ፣ ልሂድ ስትል፣ የምትሄድበት ምክንያት ጠፋ።

ቼናይ በኮሌራው ዘመን ነው የሞተችው። ጠዋት አመመኝ ያለች ልጅ ማታን አላየችም።

ከዚያ ወዲህ ጆሳያ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት ይገባል። «ባልሽ ወንዝ ዳር ምን አለው?» እያሉ ሊያስጠረጥሯት የሞከሩ ነበሩ። እሷ ሌላ ሴት አልጠረጠረችም። የጠረጠረችው የገዛ ፊቷን ነው። ቼናይ ግንባሯም አፏም የእናቷ ነበር፤ ሰውየው ይኼን ፊት ማየት አቅቶት ነው የሚሸሸኝ ብላ ደመደመች። ስለዚህ ማታ ማታ ምግቡን ስታቀርብለት ጎንዋን ሰጥታው መቀመጥ ለመደች። ለእሱ ብላ ነበር።

*

ቀትር ላይ ሻይና ዳቦ ሲታደል ደግሞ የማታውቃቸው ሴቶች መጡ። ከዘመድም ከቤተ ክርስቲያንም አይደሉም። የአንዳንዶቹ ጫማ ላይ ጭቃው ደርቋል። እየተንበረከኩ፣ ሁለት እጃቸውን እየሰጡ አጽናኗት።

«እኔን አያውቁኝም» አለቻት አንዲት ልጅ ያዘለች ወጣት። «ባባ ቼናይ ግን ያውቁኝ ነበር። ይኼ ልጄ ደም አንሶት ክሊኒክ ስወስደው ቅጠላ ቅጠል አብይው አሉኝ። ከየት አምጥቼ? ገበያ ላይ ጎመን ጠዋት የተጠራበት ዋጋ ከሰዓት አይገኝም፤ የሚሸጡትም ፀሐይ ያጠወለገውን ነው። ሰው ወንዝ ዳር ሂጂ አለኝ። ሄድኩ። እሳቸው 'የአንቺን ያህል ክፈይ፣ ልጁ የራሱን ይዘፍንልኛል' አሉኝ።»

«ይዘፍንልኛል?» አለች ሬቫይ።

«እውነታቸውን ነው። ገና አፉን ያልፈታ ልጅ አስዘፈኑት። እሳቸው ይጀምራሉ፣ እሱ ኡ ኡ ይላል። በመጣሁ ቁጥር እንደዚያው። ይኸው አሁን ወፍሮ ጀርባዬን ሊሰብረው ነው።»

ልጁ ከእናቱ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ ሬቫይን አያት። እሷም አየችው። ጆሳያ ሲዘፍን የሰማችው ቼናይ ሕፃን ሳለች ነው። ድምፁ የተዘጋ መስሏት ነበር፤ ለካ በዚያ ሁሉ ዘመን፣ ከቤቷ ትንሽ መንገድ ራቅ ብሎ፣ ሲዘፍን ኖሯል።

«ያበርታዎት» ብላ ወጣቷ ተነሣች። ሬቫይ እንዳትሄድ ፈለገች። ምን ምን ይዘፍን እንደነበር ልትጠይቃት ፈለገች። ግን ሚስት የባሏን ዘፈን ከመንገደኛ እንዴት ትጠይቃለች? እጇን ሰጥታ ሸኘቻት።

ወዲያው የጆሳያ ታናሽ ወንድም ቶቢያስ፣ ወንዶቹ እሳት ከበው ከተቀመጡበት ግቢ ገብቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ዓይኑ ከጭሱም ከለቅሶውም ቀልቷል።

«ማይጉሩ» አለ፣ የታላቅ ወንድሙን ሚስት እንደሚጠራት፤ «አሁን ጊዜው አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ሳይቀድመን ብዬ ነው። የወንዙ ዳር መሬት ካርታ የለው፣ ምን የለው። ባለቤቱ ሞተ ሲባል ነገ የተነሣ ሁሉ ይገባበታል። ጡብ የሚሠራ የማውቀው ሰው አለ። አፈሩን ወዶታል። ከቀብሩ በኋላ መጥቶ ይጀምር፤ ለሐዘኑ ወጪም ይሆነናል።»

«ጎመኑስ?»

«ጎመኑማ ይቆፈራል። አንቺ እዚያ ረግጠሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያ ምን ታደርጊበታለሽ?»

ሬቫይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ምንጣፉን አየች። ቶቢያስ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወጣ። ዝም ማለቷን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

*

በማግስቱ ጆሳያን ቀበሩት። ጥቅምት ነበር፤ የዚያ አገር ዝናብ ገና አልጀመረም፤ የመቃብሩ አፈር እንደ አመድ ይቦናል። ሴቶቹ ሲዘፍኑ፣ ሬቫይ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ድምፅ ሳይወጣት ቀረ። አንዳንዶች በርታች አሏት፣ አንዳንዶች ደነገጠች አሏት።

ከቀብር መልስ፣ ሰው በልቶ ሲበታተን፣ ሎቬነስ ትልልቁን ድስት ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር አውርዳ በአሸዋ መፈግፈግ ያዘች። ሬቫይ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። አርፈሽ ተቀመጪ የሚላት ሰው በአቅራቢያው አልነበረም። ሴቶቹ ለለቀስተኛው ያበሰሉት ጎመን ከየመደባቸው የመጣ ነው፤ የጆሳያን መደብ ግን እንደ ወጉ ሬሳው ሳይቀበር ማንም በመቆፈሪያ አልነካው፣ ማንም አላጠጣው።

«ማይ ቼናይ» አለች ሎቬነስ፣ ከድስቱ ቀና ሳትል፤ «ትናንት ተቀይመሽኛል?»

«ለምን እቀየምሻለሁ?»

«ስመስለው። ሰው ሁሉ ሲስቅ አንቺ ፊትሽ ድንጋይ ነበር። አበዛሁት እንዴ ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ሬቫይ አንድ ክዳን አነሣችና በእርጥብ ጨርቅ ታሸው ጀመር።

«እውነት እንደዚያ ያወራ ነበር?»

ሎቬነስ ልትስቅ አፏን ከፈተች። የሬቫይን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«እሱ እኮ አፉ አይዘጋም። ጠዋት ከድልድዩ ሳይወርድ ድምፁ ይቀድመዋል። የሬዲዮ ባትሪ መግዛት የተውነው እሱ ስላለ ነው እንል ነበር።»

«እዚህ አያወራም።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«ነግሮን ነው።» ሎቬነስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ቀን 'አንተ ሰው፣ ሚስትህ ይኼን ወሬ እንዴት ቻለችው?' ብለን ብንጠይቀው ማጠጫውን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ 'ልጃችን ካለፈች ወዲህ እናቷ ወሬ ይከብዳታል' አለን። 'አንድ ማታ ላስቃት ብዬ ስጀምር ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ አላስቸግራትም፤ እዚሁ ጨርሼው ነው የምገባው' አለ። እውነቱን ነው፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ 'በሉ የቀረ ወሬ ካለ አውጡት፣ ልገባ ነው' ይለን ነበር።»

ሬቫይ ክዳኑን ማሸት አላቆመችም። ያን ማታ ታስታውሰዋለች። እራት ላይ ነበሩ። ጆሳያ ወንዝ ዳር ሊያጠምቅ የወረደ አንድ ሰባኪ ነጭ ካባውን እንደለበሰ አዳልጦት ጭቃ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ምእመናኑም የሥርዓቱ አካል መስሏቸው ተከትለውት እንዴት እንደተቀመጡ ይነግራታል። እጁን እያወዛወዘ ነበር። ሳቋ መጣባት። ቼናይ መቃብር ላይ ገና ሣር አልበቀለም ነበር። እናት የልጇ መቃብር አፈር ሳይደርቅ ትስቃለች? ብድግ ብላ ገባች፤ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ እስኪያማት አለቀሰች። ስትወጣ ጆሳያ ሰሃኑን አንሥቶ አጥቦት ነበር።

«ልስቅ ነበር» አለች።

«ምን አልሽኝ?»

«ያን ማታ። ሳቄ ስለመጣ ነው የተነሣሁት።»

ሎቬነስ አየቻት። ቧንቧውን ከፈተችና ውሃው ድስቱ ውስጥ ሲወርድ ሁለቱም ተመለከቱ።

«እኔ ደግሞ» አለች ሬቫይ፣ «እሱ ነው ጸጥታ የሚወደው ብዬ።»

ውሃው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር ሎቬነስ ዘጋችው። ከዚያ፣ ሌላ ጊዜ እንደማታገኝ ሁሉ፣ ፈጠን ብላ ተናገረች።

«ጡብ ሠሪው ነገ ጠዋት ይመጣል ሲሉ ሰምተናል። እሱ አንዴ ከቆፈረ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ የእኛም መደብ ይሄዳል። ከዚያ ይኼ ሁሉ ሰው ከየት ይበላል? ግን አንቺ ካልቆምሽበት እኛ ምን ብለን እንቆማለን? ወንዝ ዳር ወረቀት የለም፤ የሞተ ሰው መደብ ላይ የቤቱ ሰው ከቆመበት የቤቱ ነው፣ ካልቆመበት የመንገደኛ ነው።»

«እኔ ጎመን የማውቀው ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።»

«ማናችንስ ብንሆን መጀመሪያ?»

«የሐዘን ልብስ ለብሼ?»

«ጎመኑ ልብስሽን አያይም።»

*

በማግስቱ ማለዳ ዘመድ የሟቹን ልብስ ተከፋፍሎ ወደየአገሩ አውቶቡስ ሊሳፈር ሲወጣ፣ ሬቫይ እስከ ጥግ ሸኘችና ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። በጥቁር ልብሷ መንገዱን ተከትላ ወረደች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከታች፣ በሸምበቆውና በመንገዱ መካከል፣ አረንጓዴ መደብ ከመደብ ተያይዞ እስከ ወንዙ መታጠፊያ ይሄዳል። እሷ አንድ ትንሽ ጓሮ ነበር የጠበቀችው። በየማታው ምድጃዋ አጠገብ የሚቀመጠው እስር ከዚህ ሁሉ የተቀነሰ እንደነበር አልገባትም ነበር።

የእሱን መደብ ማንም ሳያሳያት አወቀችው፤ የጠወለገው እሱ ብቻ ነው። አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጎመኑ ቅጠሉን ጥሎ እንደ እርጥብ ጨርቅ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ቶቢያስ ቀድሟታል። ከጎኑ አካፋና የእጅ ጋሪ የያዘ ደንዳና ሰው ቆሟል።

«ማይጉሩ፣ ሐዘንተኛ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ላጠጣ መጥቼ ነው።»

ቶቢያስ ጡብ ሠሪውን አየ፤ መልሶ እሷን አየ። «ተስማምተን አልነበር እንዴ?»

«አልተስማማሁም» አለች ሬቫይ። «ዝም አልኩ እንጂ።»

ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። ከየመደቡ ያጎነበሱት ሴቶች ቀና አሉ። ሎቬነስ ማጠጫዋን እንደያዘች መጥታ ከኋላዋ ቆመች፤ ከዚያ ልጅ ያዘለችው ወጣት፤ ከዚያ ሌሎቹ። ጡብ ሠሪው ጭንቅላቱን አከከ።

«እኔ ጠብ ያለበት ቦታ አልገባም፣ ወንድሜ» አለ። «ተነጋገሩና ስትጨርሱ ጥሩኝ።» አካፋውን ጋሪው ላይ ጥሎ፣ ጋሪውን እየገፋ ወጣ።

ቶቢያስ ቆሞ ቀረ። «እኔ ለክፉ አስቤ መሰለሽ? ሲያቅትሽ ማንን ነው የሚወቅሱት? እኔን ነው። ወንድሜ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ባሙኒኒ» አለች፣ የባል ታናሽ ወንድም እንደሚጠራ።

«አያቅትሽም ማለት ነው?»

«ሳያቅተኝ አይቀርም» አለች። «ግን ዛሬ ላጠጣ።»

እጁን አወናጭፎ ሄደ። ሳይሰናበታት ነው የሄደው፤ ከዚያ ወዲያም እስከ ገና በዓል በሯን አላንኳኳም።

ሬቫይ መደቦቹ መካከል ካለው የውሃ ጉድጓድ ቀዳች። ሁለት ማጠጫ ይዛ ተነሣችና መልሳ አንዱን አስቀመጠች። አንዱም ቢሆን ከበዳት። ግማሹ ቀሚሷ ላይ፣ ግማሹ ጫማዋ ላይ እየፈሰሰ መደቡ ጋ ደረሰች። ዘንበል ስታደርገው አፉ ዞሮባት እግሯን ከጉልበቷ በታች አራሰው።

«ማይ ቼናይ» አለች ሎቬነስ ከጎረቤት መደብ፣ ረጋ ብላ፤ «እግርሽ አይበቅልም፣ ጎመኑን አጠጪ።»

የያን ማታው ሳቅ መጣባት። ዙሪያዋን አየች፤ የምትገባበት መኝታ ቤት የለም፤ የምትይዘው ትራስ የለም። ሳቀች። መጀመሪያ የታፈነ ሳል ይመስል ነበር፤ ከዚያ ተለቀቀ። ሴቶቹም ሳቁ፤ እየሳቁ ወደየሥራቸው ተመለሱ። እሷ ግን ከሳቁ በኋላ ማጠጫውን እንደያዘች ትንሽ ቆየች፣ ሸምበቆው ላይ ዓይኗን ጥላ። ከዚያ ሄዳ ደግማ ቀዳች።

መደቡን ስትጨርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ማታ መጥታ ደግሞ አጠጣች። የላይኞቹ ቅጠሎች ቀና ማለት ጀምረው ነበር፤ የታችኞቹን ደረቆች ቀነጠሰች፤ ጥቂት እርጥብ ይዛ ወደ ቤቷ ወጣች።

ቤቱ ባዶ ነው። ምንጣፉ ተጠቅልሏል፤ ሶፋና ጠረጴዛው ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ጎመኑን ከትፋ በኦቾሎኒ ቅቤ ሠራችው፤ ሳድዛውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ አገነፋች፤ ለአንድ ሰው ምን ያህል ዱቄት እንደሚበቃ ስለማታውቅ ተረፈ። ጠረጴዛው ላይ አቀረበችና እንደ ልማዷ ጎንዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ከዚያ ወንበሯን አንሥታ፣ ከጆሳያ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት አዞረችው።

«ዛሬ» አለች።

ድምፅዋ ግድግዳው ላይ ተመልሶ መጣባት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዛሬ ሎቬነስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰብኝና…»

እስከ መጨረሻው ተናገረችው፤ አንዱንም አልዘለለችም፤ የጡብ ሠሪውን ራስ ማከክ ጭምር። ስትጨርስ፣ አንድ ሰው ስቆ ሲያበቃ፣ ከዚያም መልስ ሲሰጥ የሚወስድበትን ያህል ጠበቀች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሳድዛውን ቆረሰች።